የዶክተሩ ጋውን

ሐኪም ሁሉ ማለዳ ጋውኑን ለብሶ ካወለቀ በኋላ ደጁ ላይ እንዲያሰጣ ሕግ ወጥቷል። ጠጥቶ ያደረ ሰው ጋውን ይቀላል፤ ያን ቀንም በሽተኛ አይነካም። የዶክተር ውብሸት ሚስት ትርሲት ግን ቀዩን አልጋ ስር እየደበቀች፣ መቅላት የማያውቀውን የድሮ ጋውን ታሰጣለች።

ዛሬ ጎረቤቷ እትዬ ዝማም በአጥር ብቅ አሉ።

«ትርሲትዬ፣ ዶክተራችን እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ይቺ እጅጌዋ የተተረተረች ጋውን ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀላችም።»

«ተመስገን ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬ እንቅርቴን የሚያወጣልኝም እሱ ነው።»

ጋውኑን አውልቆ ተመልሶ የተኛው የዶክተሩ ማንኮራፋት እስከ ደጅ ይሰማል። ትርሲት ወደ ቤት ገባች፤ ቀዩን አውጥታ ከነጩ ጎን አሰጣችው።

እትዬ ዝማም ፈገግ አሉ።

«እንዲህ ነው እንጂ። አልጋ ስር ልብስ አይደርቅም፣ ልጄ።»