ዶክተር ፍስሐ ስለ ደሴቲቱ የተናገሩ ዕለት

ዶክተር ፍስሐ ደሴቲቱን አይተዋት አያውቁም። የሚያውቋት በምራታቸው በዶሪን በኩል ነው። እስከ ዛሬ ከሩቅ መንግሥት ቅኝ አገዛዝ ያልወጣች፣ ባሕር መሀል ያለች ትንሽ አገር ናት። ዶሪን ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፤ ኩላሊታቸው የታመመ እናቷም እዚያው ይታከማሉ።

ገዢው መንግሥት በውጭ የሚኖሩ የደሴቲቱን ተወላጆች ሐሳብ ለመስማት አንድ ኮሚሽን ካሊፎርኒያ ወዳለችው ሳን ሆዜ ከተማ ላከ። ዶክተሩም ስለ ነጻነት እንዲናገሩ ተጠሩ። በተማሪነታቸው ዘመን ቅኝ ገዢዎችን ሲያወግዙ ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። ጥሪው ሲደርሳቸው አዲስ ሸሚዝ ገዙ።

ዶሪን ግን ከፋት።

«አባባ፣ ፕሊስ፣ ይቅርብዎት» አለቻቸው።

«ለምን?»

«እናቴ የምትታከምበት ሆስፒታል የሚሠራው እኮ በእነሱ ዕርዳታ ነው።»

«ነጻ አገር የራሱን ሆስፒታል ያቆማል!»

በማግስቱ ዶክተሩ በሚኖሩባት በኦክላንድ፣ አፕታውን በሚባለው ሰፈር ሲያልፉ በአንድ ምግብ ቤት መስኮት አዩዋት። አብሯት የተቀመጠው የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ነው፤ ፎቶውን በስልካቸው አይተውታል። ዶሪን ወደ ሰውየው ጠጋ ብላ ታወራለች። እሱ ከሳህኑ ቀና ሳይል ይበላል።

«ሚስትህን ገዝተዋታል» አሉት ማታውኑ ለልጃቸው ለናታን።

«ዳድ፣ ስቶፕ!» አለ ናታን።

ቅዳሜ፣ በስብሰባው ዕለት፣ ሦስቱም በአንድ መኪና ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ሄዱ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዶክተሩ እንደዚያን ቀን ተናግረው አያውቁም።

«ለምጽዋት ተብሎ አንገት አይደፋም!» ሲሉ ከደሴቲቱ የመጡ ሽማግሌዎች እንባቸውን ጠረጉ።

ነጻነት የሚሹ እጃቸውን እንዲያወጡ ተጠየቀ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አወጣ። ዶሪን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ሰብሳቢው ውጤቱን ፊቱን ሳይፈታ አነበበና ከመድረኩ ወረደ። ዶክተሩ ሰውየው በሽንፈቱ የተናደደ መሰላቸው።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ያው ሰብሳቢ ከኋላቸው እየሮጠ መጣ። ናታን ፈርቶ መሀል ገባ። ሰውየው ግን ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ የዶክተሩን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እርስዎን ያስጠራሁት እኔ ነኝ» አላቸው በሹክሹክታ፤ «ደሴቲቱን ለቀን ዕርዳታውን ለማቆም የቀረን ይህ ድምፅ ብቻ ነበር።»