ፀሐይ ላይ የቀረው

ከበላይነህ ፊት ፈንታሁን ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም ተነሣና አቧራውን አራግፎ ሊምል ወደ ወንጌሉ ሄደ።

የመንደሩ ወንድ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ታግቶ ውሏል። የብዙነሽ የገብስ ክምር ከተቃጠለ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቿን የምታኖረው በዚያ ገብስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ደብረ ታቦር ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ በአውጫጭኝ ይውጣ ብለው ሰውን ሰበሰቡ። ያቃጠለው እስኪታወቅ ከበሩ የሚወጣ የለም፤ ውኃ የሚቀምስም የለም። እያንዳንዱ ወንጌሉ ላይ እጁን ጭኖ እሳቱን እንዳልለኮሰ፣ የለኮሰውንም እንዳላየ ይምላል። የማለ ከጽዱ ጥላ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ያልማለ ፀሐይ ላይ ይቆያል።

በላይነህ ተራው በደረሰ ቁጥር ሌላውን ሲያስቀድም ነበር የዋለው። መጀመሪያ ታላላቆቹን አሳለፈ፣ ቀጥሎ እኩዮቹን፣ ከዚያ ታናናሾቹን። ዐይነ አፋርነቱን ሁሉም ስለሚያውቅ ልብ ያለው አልነበረም። አሁን ግን የሚያሳልፈው ሰው አለቀ።

ፈንታሁን ምሎ ወደ ጥላው ሲያልፍ፣ “ተነሣ እንጂ፤ ሙሽራ ሆንህብን እኮ። ላሞቻችን ሳይታለቡ ሊያድሩ ነው” አለው። ጥላው ውስጥ ያሉት ሳቁ።

የበላይነህ አባት አልሳቁም። አያ ሙላቴ ከማለዳው ሦስተኛ ሆነው ምለው፣ ጀርባቸውን ለጽዱ ግንድ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ክምሩ በተቃጠለበት ዕለት በላይነህ ከገበያ ሲመለስ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቱ ከብዙነሽ አውድማ አጠገብ ካለው ብሳና ሥር ቆመው አይቷቸዋል። በአንድ እጃቸው ከብሳናው የቆረጡትን ማር በቅል፣ በሌላው ንቡን ያባረሩበትን የሚጤስ ኩበት በገል ይዘዋል። ነፋሱ ወደ ክምሩ ይነፍስ ነበር። እሱ ቤት ደርሶ እግሩን ሳይታጠብ ጩኸቱ ተሰማ። ከሰው ሁሉ ቀድመው ውኃ ይዘው የሮጡት አባቱ ነበሩ። ሰዉ ግን ገና እሳቱ ሳይጠፋ ይህ የጠላት ሥራ ነው፣ እጁ ይቆረጥ ይል ጀመር። አባቱ ያን ማታ ዝም አሉ። በማግስቱ መናገር ከማታው ይልቅ ከበደ፤ በሳልስቱም እንዲሁ። ማሩ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ የነካው የለም።

አባቱ ማንበብ አይችሉም። በላይነህ ከስድስተኛ ክፍል ከወጣ ጀምሮ በየማታው ከራት በኋላ፣ “እስቲ አንብብልኝ” ይሉታል፤ እሱም ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ወንጌል ያነብላቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ማታ አላሉትም። እሱ መጽሐፉን አውጥቶ ይጠብቃል፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ይተኛሉ።

“በላይነህ” ብለው ጠሩት ቄሱ አባ ወልደጊዮርጊስ፣ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

ቀረበ። እጁን ግን አልዘረጋም።

“አባ፣ እኔ አልምልም።”

ከቅጥሩ ሥር ተቀምጣ የዋለችው ብዙነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

“በላይነህ፣ አንተ ነህ?” አለችው። እንደ መቆጣት አልነበረም። ባለፈው ክረምት ጎጆዋን የከደነላት እሱ ነበር።

“መጽሐፉ ራሱ አትማሉ ይላል” አለ፤ ከአንደበቱ የወጣው ድምፅ ለራሱም ከፍ አለበት። ይህችን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጓሮ በር ጠብቆ አቆይቷት ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ ደረቱ ቀለል አለው። መማልም አይኖርበት፣ መናገርም አይኖርበት።

አባ ወልደጊዮርጊስ አልተቆጡም። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው ማቴዎስ ላይ አቆሙና መጽሐፉን ሰጡት።

“እውነት ነው፤ ይላል። እኛ ነን ያልሰማነው” አሉ። “ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ዝቅ ብሎ ያለውንም አንብብልን።”

ዝቅ ብሎ ያለውን በላይነህ በቃሉ ያውቀዋል። አዎን ያላችሁት አዎን ይሁን፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን ነው የሚለው። እሱን አንብቦ ከጨረሰ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ መሐላ የማያስፈልገው ጥያቄ። አይተሃል ወይስ አላየህም? አላየሁም ቢል በዚያው ገጽ ላይ መዋሸቱ ነው። አዎን ቢል ደግሞ አባቱ ጠዋት በዚሁ መጽሐፍ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምለዋል።

ፊደሎቹ ከፊቱ ተደርድረው ቆሙ። ከቅጥሩ ውጭ ያልታለቡ ላሞች ይጣራሉ።

“እህ?” አለ ፈንታሁን።

ከጽዱ ሥር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“አንብብ፣ ልጄ” አሉ አባቱ። “ካነበብህልኝ ሦስት ሳምንት አለፈኝ።”

ዱላቸውን ግንዱ ላይ እንደተደገፈ ትተው ተነሡ። ልጃቸውን ሊያበረታቱ የመጡ መስሏቸው በመንገዳቸው የነበሩት እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉላቸው። አያ ሙላቴ ከጥላው ወጡና ያልማለ በሚቆይበት ፀሐይ፣ በላይነህ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። በጠዋቱ መሐላ ያገኙት የጥላ ቦታ ባዶውን ቀረ። ከራሳቸው ላይ ሻሻቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ፊታቸውንም ወደ ቄሱ ሳይሆን ወደ ብዙነሽ አዞሩ። ፀሐይዋ ሽበታቸው ላይ አረፈች።

በላይነህ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ እንደ ማታ ማታው ቀስ ብሎ፣ ማንበብ ጀመረ።