ጣሪያ የነካው ይርዳው

አለቃው የወደደው ሠራተኛ እንደ ላባ እየቀለለ መንሳፈፍ ከጀመረ ወዲህ፣ በውሃ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ የሚሄድ ሰው በፋኖስ ተፈልጎም አይገኝም። አሥር ዓመት ፓምፕ ሲፈታ ሲገጥም የኖረው ይርዳውም ዛሬ ተራው ደረሰው። አለቃው አቶ ደምመላሽ አዲሱን ፓምፕ ወደ ኋላ አዙረው ሲያስተክሉ፣ ይርዳው ዓይኑ እያየ አጨበጨበ። ወዲያው እግሩ መሬት ለቀቀ።

ከቤቶቹ በላይ እየዋኘ መጣና ሳሎኑ ሲገባ ጣሪያውን በአናቱ መታው።

«እቴነሽ፣ ባልሽን እዪው! ነገ የክፍል ኃላፊ ነኝ።»

ሚስቱ የሁለት ወር ልጃቸውን እንዳቀፈች ቀና አለች። «ፓምፑስ ውሃ ሰጠ?»

«እሱን የታች ሰዎች ይጨነቁበት።»

«ፓምፕ ሳታስነሳ እህል አልወርድ የሚልህ አንተ አልነበርክ እንዴ?»

ይርዳው እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። «እስቲ አቀብዪኝ፣ ልሳማት።»

«አልሰጥህም። ከዚያ ላይ ብታመልጥህስ?»

ሕፃኗ ሽቅብ አይታው ሳቀች፤ ከተወለደች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ይርዳው ወርዶ ሊያቅፋት ጓጓ። ስልኩን አወጣና ደወለ።

«አቶ ደምመላሽ፣ ፓምፑን ወደ ኋላ አዙረው ነው ያስተከሉት። ሁላችንም እያየን ነው ያጨበጨብነው።»

ንግግሩን ሳይጨርስ እንደ ጤፍ ኩንታል ዱብ አለ፤ ሶፋው ለሁለት ተሰበረ። ይርዳው ወገቡን ይዞ እየሳቀ ክንዱን ዘረጋ።

«አሁንስ?»

እቴነሽ ልጅቷን አስታቀፈችውና ለነገ ሥራው መፍቻውን ልትፈልግለት ወደ ጓዳ ገባች።