ደክሞኛል ብሎ ነበር

የሾፌሩ ሚስት ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ፣ አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተያዩና ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ፊት ተሻገሩ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አንደኛዋ እንዲያውም ስታልፍ «ጌታ ያጽናሽ» ብላታለች፤ ዓይን ዓይኗን ሳታያት።

ከመድረኩ በስተግራ የመዘምራኑ ወንበሮች እንደ ወትሮው በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አምስቱ ባዶ ናቸው። የተረፉት ሰባቱ የመዘምራን ልብሳቸውን ሳይለብሱ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ክንዷን በፋሻ አንጠልጥላለች። ባለፈው እሑድ ሌላ ከተማ አገልግለው ሲመለሱ ነው ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ መንገድ ስቶ ገደል የገባው። አምስት ዘማሪዎችና ሾፌሩ እዚያው ቀሩ። አምስቱን ምዕመኑ በሙሉ ወጥቶ፣ እያለቀሰም እየዘመረም ቀበራቸው። ሾፌሩን በማግስቱ ወንድሞቹ፣ ፓስተሩና ጥቂት ጎረቤቶች ቀበሩት። «እንቅልፍ ጥሎት ነው አሉ» የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ ነበር ከተማ የገባው።

እንቅልፍ እንደጣለው እሷም አትክድም። ግን ሌላው የማያውቀውን ታውቃለች። ቅዳሜ ዕለት ባሏ ሁለት ቀን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ቆይቶ ቤት እንደገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጠው አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ጋሼ፣ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኛል። እባክዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«አንድ ቀን ናት ወንድሜ። ጌታ ያበረታሃል።»

ሦስት ጊዜ ተደወለ። በሦስተኛው እሺ አለ።

እናም ዛሬ የመጣችው ለመጽናናት አይደለም። ይህንኑ በሰው ሁሉ ፊት ልትናገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ከርማለች።

ፓስተሩ በሻከረ ድምፅ ጸለየና፣ «ልቡ የከበደበት ካለ ይናገር፤ ዛሬ ስብከት የለኝም» አለ። እጇን አወጣች። አንድ አስተናጋጅ ማይኩን አመጣላት።

«ባሌ...» ብላ ጀመረች።

ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው ዞር አሉ። ደዋዩ እሳቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። የሸሚዛቸው ኮሌታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንገታቸው ሰፍቷቸዋል። ከአምስቱ ሟቾች አንዷ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ማይኩን ከአፏ ዝቅ አደረገች። ከዚህ በላይ ምን ላድርጋቸው አለች በልቧ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ብድግ ብለው። «ይሄ ያንቺ ሸክም አይደለም። እኔ ልናገር።»

ማይክ አልጠበቁም። «ደክሞኛል ብሎኝ ነበር። ሦስቴ ደወልኩለት፣ ሦስቴም ደክሞኛል አለኝ። በጌታ ስም አስጨነቅኩት። ፕሮግራሙ እንዳይሰረዝ፣ የጠሩን ሰዎች እንዳይታዘቡን ብዬ። በሱ አትፍረዱ። እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» የሚል ድምፅ ከመሃል ፈነዳ። ብረት በያጁ ነው፤ ከመንታ ልጆቹ አንዱን ቀብሯል። «ሰው ሁሉ የሾፌሩን ስም ሲያነሣ ሲጥል አብረውን ተቀምጠው አልነበር?»

«ፈራሁ» አሉ ሽማግሌው። «እናቷ እንዳትሰማ ፈራሁ።»

ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ወደ ሚስታቸው የዞረው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡ። ባላቸውን ዘወር ብለው እንኳ አላዩም። በወንበሮቹ መሃል ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ፤ ሊይዛቸው የደፈረ አልነበረም። ፓስተሩ ከመድረክ ወርዶ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ወጡ ሲባል፣ መጨረሻው አግዳሚ ጋ ደርሰው ቀጥ አሉ።

«ጠጋ በይልኝ» አሏት የሾፌሩን ሚስት።

ጠጋችላቸው።

«ዛሬ እሱ አጠገብ መቀመጥ አልችልም። ቤቴም መግባት አልችልም። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ምንም አትበይኝ።»

ፊት ለፊት ሽማግሌው ብቻቸውን ቆመው ቀርተዋል። ወንበራቸውን ለመያዝ እጃቸውን ሰደዱና ሳቱት። ብረት በያጁ ሰው እየገፋ ወደሳቸው ተንደረደረ። ሊመታቸው ነው ብለው ሁለት አስተናጋጆች ሮጡ። እሱ ግን ቀድሟቸው ደርሶ ብብታቸው ሥር ገባና ደግፎ አስቀመጣቸው።

«ይቅር አላልኩዎትም» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። «ገና ነኝ። ግን እዚህ አይወድቁም።» ከዚያ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

ጸሎቱን ማን እንደጀመረው አልታወቀም። አንዱ አቃሰተ፣ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ባለበት ተንበርክኮ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ። አንዱ «ለምን?» ይላል፤ አንዱ «ማረን» ይላል፤ አንዲት እናት የልጇን ስም ብቻ ደጋግማ ትጠራለች። ፓስተሩም ሊመራቸው አልሞከረም፤ እንደ ማንኛቸውም በግንባሩ ተደፍቶ ያለቅሳል።

የሾፌሩ ሚስት ግን ከአግዳሚው አልወረደችም። አጠገቧ ያሉትም ሴትዮ አይጸልዩም፤ በደረቀ ዓይን አሻግረው ያያሉ። እጃቸው ግን በአግዳሚው ላይ እየዳበሰ መጣና የሷን እጅ አግኝቶ ያዘ። አያያዙ የማጽናናት አይደለም። ጥፍራቸው መዳፏ ውስጥ እየገባ ነው። ያማል። እጇን አልሳበችም፤ ጣቶቿን አጠፈችና እሷም ያዘቻቸው።