ባዮሱ ሲታደስ

ሥርጉት ቀሐ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ኮምፒውተሩን በእጁ የገጣጠመላት ታላቅ ወንድሟ ፋንታሁን ነበር፤ ካረፈ ገና ሙት ዓመቱ አልደረሰም።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ጠጋኙ ወንዴ አዲስ ፕሮሰሰር ገጠመላትና፣ "ባዮሱ ካልታደሰ በደንብ አይሠራም" አላት። "ባዮስ ማለት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ግን እያደስነው መብራት ከሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አይነሳም።"

"የወንድም ጋሼ የእጅ ሥራ ሌላ የለኝም እኮ" አለች ሥርጉት። ብዙ ካመነታች በኋላ ግን፣ "በል አድሰው፤ እመቤቴ ታውቃለች" አለችው።

አርባ በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ፎቶ ኮፒው ጸጥ አለ፤ የጎረቤት ወፍጮም ቆመ። ኮምፒውተሩ ግን መቁጠሩን ቀጠለ፦ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት።

"ባትሪ አለው እንዴ?" አለ ወንዴ።

"ኧረ የለውም።"

ወንዴ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባና ገመዱን በዳሰሳ ተከተለ። ሥርጉት ወደ ደጃፉ አፈገፈገች።

"ምነው ሥርጉት፣" አለ ወንዴ ከጠረጴዛው ሥር፣ "ገመዱን ልቀቂልኝ እንጂ። እጅሽ ደግሞ እንዴት ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?"