ከእህቴ ጋር የተደረገ የውሃ ፍልሚያ

«ኤፍራታ እንዴት ናት?» አለች እናቴ ከኋላዬ ቆማ።

«አውሮፕላኗ እየጨሰ ነው። ልጥላት ነው።»

«ስለ አውሮፕላኗ ማን ጠየቀሽ? አራስ ናት እኮ፤ ስለ ጤናዋ ነው ያልኩሽ።»

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ አውሮፕላኗን ማሳደዴን ቀጠልኩ። በየእሑዱ ሁለት ሰፈሮች በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ይፋለማሉ፤ የተሸነፈው ሰፈር ሳምንቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ አያገኝም። ዛሬ የእኛና የእህቴ ሰፈር ተገናኝተው፣ ሳንመታ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

«ምነው እህት ዓለም፣ መተኮስ ረሳሽ?» አለችኝ ኤፍራታ በማዳመጫው። እየሳቀች ነበር። አጠገቧ ሕፃኑ ያለቅሳል።

እናቴ የበርሜሉን ክዳን ከፍታ ባዶውን አየችና መልሳ ገጠመችው።

«ቶሎ ጨርሺው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኤፍራታ ወደ ደመናው ስትታጠፍ ተኮስኩ።

ቧንቧችን መፍሰስ ሲጀምር፣ እናቴ የመጀመሪያውን ጀሪካን ሞልታ ወደ ኤፍራታ ቤት ይዛ ሄደች።