ሳምሳ ቤቱ ሲደወል የሚያነሱት ሽማግሌ

"ቁጥሩ ተሳስቷል ልጄ... ግን ምን ልርዳ?"

"እንዴት ይሳሳታል?! የኔ ሳምሳ ቤት ዌብሳይት ላይ ያለው ስልክ እኮ ነው! ማን ነዎት እርስዎ?"

ጃርኪን ነች የምትጮኸው... ኦሽ ከተማ ውስጥ ሳምሳ፣ ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ መሰል ነገር፣ ጋግራ የምትሸጥ።

ጠዋት አንዲት ደንበኛ "ስደውል ያነሱት አባትሽ ናቸው? እንዴት ደስ የሚሉ ሰው ናቸው!" ስትላት ክው ነው ያለችው።

አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል...

ዌብሳይቱን ከፍታ ብታይ፣ ከታች የተጻፈው ስልክ የሷ አይደለም! ወዲያው ደወለች።

"ተቆጪ ልጄ፣ እውነትሽን ነው" አሉ ሽማግሌው። "ሳጊንቤክ እባላለሁ፣ ያለሁት ዋና ከተማው ቢሽኬክ ነው። ለፕሮግራም ሠሪ ልጆች አንዲት መሣሪያ ሠርቼ በነጻ ለቅቄያለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ሲጽፉ፣ ቀድሞ የተሠራ የናሙና ኮድ ቀድታ ታመጣላቸዋለች። አዲሱን ሥራ ከዚያ ይጀምራሉ። ናሙናው ላይ ያለው ስልክ የኔ ነው... መቀየሩን ይረሱታል።"

"እና ደንበኞቼን ምን ይሏቸዋል?"

"የቤቱን ስም ጠይቄ አድራሻሽን ከገጹ ላይ አነብላቸዋለሁ። የበጉን ሞክሩት፣ እሱ ይጣፍጣል እላለሁ..."

"ቀምሰውት ያውቃሉ?"

"የት አግኝቼ!"

ሳቋ ሊመጣ ነበር... ንዴቷ ግን አልበረደም።

"በቃ! ከዛሬ ወዲያ የኔ ደንበኛ እርስዎ ጋ አይደውልም! አስጠፋዋለሁ!"



"እሺ ልጄ... ደግ ነው" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ዌብሳይቱን የሠራላት የአክስቷ ልጅ ኤርኪን ነው። ጠርታ አወረደችበት።

"አንተ ዝርክርክ! ሌላው ቢቀር ስልኬን መጻፍ ያቅትሃል?"

"ይኸው፣ ቀየርኩት! አትጩሂ!" አለ ኤርኪን። ከዚያ ግን ቆም አለ። "ቆይ... ሰውዬው ራሳቸው ከናሙናው ላይ ለምን አያጠፉትም? የደቂቃ ሥራ እኮ ነው።"

የሽማግሌውን ዋናውን ኮድ ከፈተ።

"መሣሪያዋ የምታመጣልን ኮዱን ብቻ ነው" አላት። "ማን፣ መቼ፣ ለምን ቀየረው የሚለው ታሪኩ እዚሁ ነው የሚቀረው። ለዚህ ነው ማንም ልብ ያላለው... እይ፣ አንዴ አጥፍተውት ነበር! 'ሰው እየተሳሳተ ይደውላል' ብለው።"

"እና?"

"ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸው መልሰው አስገብተውታል።"

"ለምን?"

ኤርኪን ኮምፒውተሩን ወደሷ አዞረላት።

ሽማግሌው ሲመልሱት የጻፉት እንዲህ ይላል...

"ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ብቻ ነበር። ሳጠፋው ቤቱ ጭር አለብኝ።"

ጃርኪን ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እንባዋን ግን አልጠረገችም...

ደወለች። አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ቁጥሩ ተሳስቷል ልጄ... ግን ምን ልርዳ?"

"አልተሳሳትኩም አባባ። እርስዎን ፈልጌ ነው።"



"እኔን?" አሉ ሽማግሌው።

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው ስልክ ላይ ወሬ የሚያስረዝምባችሁ ሥራ ፈቶ እንዳይመስላችሁ። ስልኩ ሲዘጋ የሚጠብቀው ጭር ያለ ቤት ነው። "ምን ጉዳይ አለኝና ልደውል" አትበሉ... ድምፃችሁ ራሱ ጉዳይ ነው!

እናንተስ? በስህተት እንኳ የሚደውልለት የሌለው የምታውቁት ሰው ማን ነው? ኮመንት ላይ ንገሩኝ...

መጀመሪያ ግን ደውሉለት።